ላልሰመረ ስለት የተገዛ ጥላ

ሐሙስ፣ መስከረም 15

ጥላው አሁንም ከጓዳው በር ጥግ ቆሟል። ላስቲኩ እንኳ አልወለቀም። ወርቃማ ዘርፉ በላስቲኩ ውስጥ ሲብለጨለጭ፣ ሠርጉ የተሰረዘበት ሙሽራ ይመስላል። ጠዋት ለብርቱካን ይህንኑ ነገርኳት። ድሮ ቢሆን "ኧረ አባባ፣ አሁንስ አበዙት!" ብላ በነጠላዋ ጫፍ ትገርፈኝ ነበር። ዛሬ ግን ውኃ ቀድታ ፊቴ አስቀመጠችና ወጣች። ሰሞኑን ቀልዴ መሬት ላይ ነው የሚወድቀው።

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው፤ ጭንቅላቴ ወንፊት ሆኗል። ብርቱካን የልጄ ልጅ ናት። እናቷ ካረፈች ጀምሮ እዚሁ መርሳ ከእኔ ጋር ናት። ከእኔና ከእሷ ሌላ በቤቱ ያለው አንድ አውራ ዶሮ ነው፤ እሱም ሰዓት አያውቅም። የአሥራ ሁለተኛን ፈተና ልትቀመጥ ስትል ለማርያም ተሳልኩ። "ካለፈች ለመስከረም ሃያ አንድ ክብረ በዓልሽ ጥላ አስገባለሁ" አልኩ። እዚህ ላይ ባቆም ምን ነበረበት! ውጤቱ ሳይመጣ ወልድያ ሄጄ ጥላውን ገዛሁት። ገዝቼም ዝም አላልኩ። ቤቴ የገባውን ሰው ሁሉ ላስቲኩን እያስዳሰስኩ "የዶክተሯ ጥላ" አልኩ። ሰፈሩ ከእኔ ተቀብሎ ዶክተር ይላት ጀመር።

ውጤቱ መጣ። አላለፈችም። ከክፍሏ ያለፉት ከአንድ እጅ ጣት አይበልጡም ይባላል። ይህን ብነግራት "እነሱስ እንዴት አለፉ?" አለችኝ።

ዛሬ የምትሳሳለትን ነጭ ጫማ ለጎረቤት ልጅ ሰጠች። "ጠቦኛል" አለች። የሰው እግር በሳምንት ያድጋል እንዴ? አልጠየቅኋትም። ፈራሁ።

ዓርብ፣ መስከረም 16፣ ደመራ

ጡረታ ብወጣም ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ እወርዳለሁ። ዕድሜዬን የፈጀሁት ተራ አስከባሪ ሆኜ ነው፤ ሾፌሮቹን ካልተሳደብኩ ቁርሴ አይወርድልኝም። ዛሬ ግን መሐመድ ቀድሞ ጠራኝ። የሚኒባስ ሾፌር ነው፤ ረዳት ሳለ ጆሮውን እየቆነጠጥኩ ነው ያሳደግኩት።

"አባባ፣ አይቆጡኝና፣ ብርቱካን ትናንት አንድ ነገር ጠየቀችኝ።"

"ምን? ልታገባህ?"

"ወደ ሐራ የሚሄድ መኪና በጠዋት አለ ወይ አለችኝ።"

"የሐራ ገበያ ደስ ይላታል" አልኩት።

"ገበያው መቼ እንደሆነ አልጠየቀችኝም አባባ" አለና መሬት መሬት አየ።

እዚህ አገር ሐራ ሲባል ገበያውና የባቡሩ ሐዲድ ብቻ አይደለም የሚታወሰው። ደላሎቹ ልጆቹን የሚሰበስቡት እዚያ ነው። ከዚያ በጭፍራ በኩል ወደ አፋር፣ ከአፋር ወደ ባሕሩ። ከባሕሩ ማዶ ዐረብ አገር። ባሕሩ ላይ የሚሆነውን ማንም አይጽፍም፤ እኔም አልጽፈውም።

ደመራው ሲለኮስ ብርቱካን አልወጣችም። አንዲት ጎረቤቴ ችቦዋን እያወዛወዘች "ዶክተርስ?" አለችኝ። ክፋት የላትም። "በሽተኛ በዝቶባት ነው" አልኳት። ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ።

ደመራው ሲወድቅ ሰው ሁሉ የወደቀበትን አቅጣጫ አይቶ ስለ አዝመራው ይተነብይ ጀመር። አንዱ ጥጋብ ነው አለ፣ አንዱ ዝናብ ይቀራል አለ። እኔ ያየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። የወደቀው ወደ ሐራ ነው።

ቅዳሜ፣ መስከረም 17፣ መስቀል

ሰይድ እንኳን አደረሰህ ሊለኝ መጣ። ማንጎ ሲያለማ አብሮኝ ያረጀ ወዳጄ ነው።

"አንተ፣ ገና አልሞትክም?" አለኝ ከበሩ።

"አንተን ሳልቀብር? ምን አስቸኮለኝ።"

"ወላሂ፣ ቀብርህ ላይም ተነስተህ ቀልድ ልታወራ ነው።"

"እኔስ አወራለሁ። እናንተ ናችሁ ከመቸኮላችሁ ብዛት ሰውየው ወሬውን ሳይጨርስ አፈር የምታለብሱት።"

እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ድምፄን ዝቅ አድርጌ የመሐመድን ወሬ ነገርኩት። ሳቁ ጠፋ። የሰይድ ልጅ በዚያው መንገድ ነው የሄደው። "ነገ ጀልባ ላይ ነን" ብሎ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ሰይድ ስልኩን ባትሪ አስጨርሶ አያውቅም። መስጊድ ሲገባ እንኳ ድምፁን አጥፍቶ ደረት ኪሱ ውስጥ ይይዘዋል፤ ቢንቀጠቀጥ ልቡ እንዲሰማው።

"አትቆጣት" አለኝ። "በርም እንዳትዘጋባት። እኔ ዘጋሁበት። በመስኮት ወጣ።"

እሱ ከሄደ በኋላ ብርቱካን ራሷ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"አባባ፣ እኔ እዚህ ምን ሆኜ ነው የምቀመጠው?"

"የእኔ ቀባሪ ሆነሽ።"

አልሳቀችም። "ሰው ሲያየኝ እኮ እኔን አይደለም የሚያየው። ጥላውን ነው።"

"ልደብቀው?"

"ሁሉም አይቶት የለም እንዴ? አሁን ቢደብቁት ምን ይሆናል?"

ለዶሮው እህል ልበትን ብዬ ወጣሁ።

እሁድ፣ መስከረም 18

ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ቄስ ሞገሴን ከዋርካው ሥር ያዝኳቸው። ስለ ጥላው ጠየቅኋቸው።

"ስለቱ ካልሰመረ ግዴታ የለብዎትም" አሉኝ። "ለከርሞ ያቆዩት። ደግማ ትፈተን የለም?"

"ጥላውስ ይቆያል አባ። ልጅቱ ናት የማትቆየው።"

የሐራውን ነገር ስነግራቸው መስቀላቸውን በመዳፋቸው አገላበጡ። እሳቸውም ፍትሐት ያለ ሬሳ ያደረሱላቸው ልጆች አሉ።

"እንግዲህ በጸሎት ላስባት። ማን ልበል?"

"ብርቱካን።"

"የክርስትና ስሟን ነው የጠየቅሁዎት።"

ወለተ... አልኩና ቆምኩ። ወለተ ማን? ወለተ ማርያም? ወለተ ሥላሴ? ሰፈሩ በሙሉ የሚጠራትን ስም እኔ ነኝ ያወጣሁት። እግዚአብሔር የሚጠራትን ግን ጠፋኝ። እናቷ ታውቀው ነበር፤ እናቷ የለችም።

"ታዲያ ዶክተር ብዬ ልጸልይ?" አሉኝ።

ቄስ ሞገሴ ቀልድ አይሆንላቸውም ነበር። ዛሬ ሆነላቸው። እስካሁን ይጠዘጥዘኛል።

ቤት ስገባ ብርቱካን ሽንኩርት ትከትፋለች። እንደ ዋዛ አድርጌ "የክርስትና ስምሽ ማን ነበር እናቴ?" አልኳት። ቢላዋዋን አቆመች።

"አያውቁትም?"

"ሸሸኝ እንጂ አውቀዋለሁ።"

"እንግዲያው ሲመለስልዎት ይጥሩኝ" አለችና ጓዳ ገባች። ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ሽንኩርቱ ነው ልበል።

ትራሷ ሥር ስልኳ ይንጫረራል። ታነሳለች፣ ድምፅ ሳታወጣ ታዳምጣለች፣ ትዘጋለች።

ሰኞ፣ መስከረም 19

ግራና ደርሼ መጣሁ። ጉልበቴን መኪናው ጨረሰው። የክርስትና እናቷ ዘውዲቱ እዚያ ናት፤ ገብስ ስታሰጣ አገኘኋት።

"ጋሼ! ምን እግር ጣለዎት? ሚስት ፍለጋ ከሆነ እኔ ደክሞኛል።"

"ሚስትስ ይቅርብኝ። ስም ፍለጋ ነው የመጣሁት። የብርቱካን የክርስትና ስም ጠፋኝ።"

"ወለተ ኪዳን!" አለች፣ እጇን ከገብሱ ሳታነሳ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። "እንዴት ይጠፋዎታል? እኔ እሷን ሳላነሳ 'አባታችን ሆይ' ብዬ አላውቅም።"

አፍሬ ሁሉንም ነገርኳት። ውጤቱን፣ ጥላውን፣ ሐራን። አልገሠጸችኝም። ብትገሥጸኝ ይሻለኝ ነበር። ስለ ክርስትናው ቀን ታወራልኝ ጀመር። ውኃው ሲነካት ቤተ ክርስቲያኑን በጩኸት ሞላችው አለች። ሜሮን ሲቀቧት ልትልሰው ምላሷን አወጣች። ቄሱ "ሰይጣንን ትክጃለሽን?" ሲሉ መላሿ ዘውዲቱ ነበረች፤ ልጅቱ አንገቷን እንኳ ቀጥ አታደርግም ነበር።

"ያኔ ምን ሠርታ ነበር ጋሼ? ጡት ከመጥባት በቀር ምን ታውቃለች? ግን ልጄ ነሽ ተባለች። ከዚያ በላይ ምን ሹመት አለ? ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ የሰው ነው፤ ሰው ይሰጣል፣ ሰው ይነሳል።"

ለሃያ አንዱ ንግሥ መርሳ እመጣለሁ አለችኝ።

ወደ ማታ ላይ ራት ስንበላ ጎረስ አድርጌ "ወለተ ኪዳን፣ ጨው አቀብዪኝ" አልኳት። እጇ አየር ላይ ቀረ።

"ማን ነገረዎት?"

"ግራና ሄጄ ነው።"

"ለዚህ ብለው? በዚህ ጉልበትዎ?"

ዘውዲቱ ያለችኝን ነገርኳት። እንደሷ አላሳመርኩትም፤ ምላሴ ለስድብ ነው የተሠራው። ብርቱካን ግን ቶሎ አልተረታችም።

"እሱማ ሕፃን እያለሁ ነው። ሕፃን ማን ይጠላል? ሰው የሚመዘነው ሲያድግ ነው።"

"እኔንስ ምን አርጎ ይመዝነኛል? ፊሽካ ነፍቼ ነው ያረጀሁት። እግዜር መጥቶ 'ምን ሠራህ?' ቢለኝ ምን እለዋለሁ?"

"ምን ይሉታል?"

"ተራህን ጠብቅ ነዋ!"

ሳቀች። እውነተኛ ሳቅ፣ ምግቡ ትን እስኪላት። ደስታዬ ልክ አጣ። ከዚያ ግን ልትተኛ ስትነሳ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመችው። የዘወትር ልማዷ አይደለም። ጉልበት የሚሳመው መንገደኛ ሲመረቅ ነው።

ማክሰኞ፣ መስከረም 20

አልጋዋ ተነጥፏል። ቦርሳዋ የለም። ስልኳ ዝግ ነው። በሩን አልዘጋሁባትም፤ ሰይድ እንዳለኝ። በበሩ ወጣች።

መሐመድ ሌላ ሾፌር ሲጭናት ያየ ሰው አግኝቶ በመኪናው እኔንና ሰይድን ሐራ አደረሰን። ሲጠቋቁሙን አንድ የቆርቆሮ አጥር ጋ ደረስን። ጥርሱን በመፋቂያ የሚፍቅ ጎረምሳ ወጣ። ትሑት ነው። ትሕትናው ነው ያስፈራኝ።

"አባቶቼ፣ እዚህ ሴት ልጅ የለችም። ፀሐይ ሳይበረታ ተመለሱ። መንገዱም ሰሞኑን ጥሩ አይደለም።"

ይህን ሲለን ከቆርቆሮው ኋላ ሰው ሳለ። ቀጥሎ ሌላ ሰው ሳለ። ከዚያ ሌላ። ታፍኖ የቆየ ሳል ነው፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው አይችልም። ጎረምሳው መፋቂያውን ከአፉ ሳያወጣ ፈገግ ብሎ ያየናል።

የቀበሌ ሚሊሻ ይዘን ስንመለስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ማንም የለም። ወለሉ ላይ የተረገጠ ዳቦ፣ የውኃ ጀሪካን፣ አንዲት ጎዶሎ የሕፃን ካልሲ። ሕፃንም ነበረ ማለት ነው። ሰይድ ካልሲዋን አንስቶ አቧራዋን አራገፈና መስኮቱ ላይ አስቀመጣት።

ቤት ገብቼ ሥዕለ ማርያም ፊት ቆምኩ። እንደ ልማዴ "ከመለስሽልኝ እንዲህና እንዲህ..." ልል አፌን ከፈትኩ። ደግሞ ሌላ ውል! መዝጋት ያቃተኝ አፍ በራሱ ተዘጋ። "ወለተ ኪዳን ያንቺም የልጅሽም ናት። ብትመጣም፣ ባትመጣም" አልኩ። "ባትመጣም" ብዬ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አውራ ዶሮው መጥቶ አፈጠጠብኝ።

ረቡዕ፣ መስከረም 21፣ ማርያም

ጥላውን ተሸክሜ ሄድኩ። ከእነ ላስቲኩ። ሰው መንገድ ይለቅልኛል፤ አንዳንዱም ይንሾካሾካል። ሁሉም የጥላውን ታሪክ ያውቃል። ልጅቱ መጥፋቷንም ከትናንት ጀምሮ ያውቃል።

ቄስ ሞገሴ ሲያዩኝ ደነገጡ። "ሰመረልዎት እንዴ?"

"አልሰመረም አባ። ይቀበሉኝ።"

"ምን ብለን እንናገር? እኛ 'ስለታቸው የሰመረላቸው' ነው የምንለው።"

"ሰመረ እንዳይሉብኝ። ለወለተ ኪዳን ይበሉ።"

"ስለ ምን ይባል?"

"ስለ ምንም። ስለተወለደች።"

ከዚያ ላስቲኩን በጥፍራቸው ቀደዱት። ዲያቆኑ በድምፅ ማጉያው የሌላውን ሁሉ ተናገረ። እገሊት ልጅ አግኝታ ምንጣፍ፣ እገሌ ከእስር ወጥቶ ጧፍ። ለእያንዳንዱ እልልታው ይቀልጣል። የእኔ ሲደርስ "ስለ ወለተ ኪዳን፣ ልጅ አድርጎ ስለ ሰጠን፣ አንድ ጥላ" አለ። እልልታ የለም። ሕዝቡ የሚቀጥለውን ይጠብቃል፤ እና ምን ሆነችላቸው? አንድ ሰው ከኋላዬ "ማናት?" አለ። ሌላው "ያቺ የወደቀችው" አለው።

ያን ጊዜ ከሴቶቹ በኩል አንዲት ብቻዋን እልልል አለች። ዘውዲቱ ናት። ድምፅዋ ጎርናና ነው፤ ሲሰነጠቅም አላቆመች። ቀጥሎ አሮጊቶቹ ተቀበሏት። ከዚያ ሁሉም።

ታቦቷ ስትወጣ ጥላው ተዘረጋ። ቀዩ ከፈይ ፀሐይ ሲያርፍበት እኔ የገዛሁት አልመስል አለኝ። ደስ አለኝ ብዬ እንዳልዋሽ። ጆሮዬ አሁንም የሐራውን ሳል ይሰማል። ነገር ግን ሳለቅስ ሰው አየኝ፣ አልቀለድኩም፣ ፊቴንም አላዞርኩም።

ስልኳ ዝግ ነው። ሰይድ መጥቶ አብሮኝ ተቀምጧል። የሁለታችን ስልክ ጎን ለጎን መደቡ ላይ ተቀምጧል።

ሐሙስ፣ መስከረም 22

ጠዋት ስልክ ጮኸ። ሁለታችንም ዘለልን። የእኔ ነበር። የማላውቀው ቁጥር።

"አባባ።"

"አቤት! አቤት ወለተ ኪዳን!" ብዬ ጮህኩ፤ ዶሮው በረረ።

በጭፍራ መንገድ ላይ ናት። ሻይ የምትሸጥ አንዲት እናት ስልኳን ሰጥታት ነው። የራሷን ስልክ ደላሎቹ ወስደውባታል። ቃሏ እየተቆራረጠ የሰማሁትን እንዳለ ልጻፍ። ጭነት መኪና ላይ ሊጭኗቸው ሲሉ አሰለፏቸው። ስም የጠየቃቸው የለም። በዱላ ጫፍ ትከሻ ትከሻቸውን እየነኩ ቆጠሯቸው። "እኔን ሲነካኝ አባባ፣ ሳላስበው አፌ 'ወለተ ኪዳን' አለ። 'ምን አልሽ?' አለኝ። 'ስሜ ነው' አልኩት። ሳቀብኝ። 'እዚህ ስም የለም' አለኝ። 'እንግዲያው እኔም የለሁም' ብዬ ከሰልፉ ወጣሁ።" ሁለት ጊዜ በዱላ መታት። መኪናው ሲቸኩል ጥለዋት ሄዱ።

"አባባ፣ ምንም ይዤ አልመጣም" አለችኝ። "ቦርሳዬንም ወሰዱት። ደግሜ ብፈተንም ማለፌን እንጃ።"

"ማን ጠየቀሽ? እዚያው ሴትዮዋ ጎን ተቀመጪ። እግርሽን እንዳታነሺ!"

"ይምጡልኝ" አለች። ተቋረጠ። መልሼ ስደውል አይነሳም።

ሰይድ "አልሐምዱሊላህ" አለና ፊቱን በሁለት እጁ ጠረገ። ከዚያ የራሱን ስልክ ከመደቡ አንስቶ ባትሪውን አየና ወደ ውጭ ወጣ። አልተከተልኩትም። ምን ብዬ?

መሐመድን አብሬህ ልሂድ ስለው "እርስዎ ጉልበትዎ አይችልም፣ ቦታ ይይዙብኛል" ብሎ ብቻውን በረረ። ከቀትር በኋላ በጭፍራ መንገድ ላይ ተኩስ ተሰማ የሚል ወሬ መናኸሪያ ደርሷል። አንዱ እውነት ነው ይላል፣ አንዱ ርችት ነው ይላል። ቄስ ሞገሴ ሰምተው መጡ፤ ምንም ሳይጠይቁኝ በስሟ ጸልየው ሄዱ።

አሁን ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው። ሰይድ ደጃፉ ላይ ቆሟል። እኔ ዝም ብዬ ከምቀመጥ ብዬ ይህን እጽፋለሁ።

መኪና እየመጣ ነው። የመሐመድ ናት። ሦስተኛ ማርሽ ላይ እንዲህ የምታለቅስ ሌላ መኪና በሐብሩ ወረዳ የለችም፤ ከሺህ መኪና እለያታለሁ። ማን እንደጫነች ግን ከድምፅዋ አይታወቅም።

ልውጣ።